ራሰ በራው ሶምሶን

ባለቤቴ ያን ቀን ከሥራ ሲገባ «እንደምን ዋልሽ» እንኳ አላለኝም። ጭቃ የጠጣ እግሩን ደፍ ላይ እየጠረገ፣ «ፈረንጇ ሰደበችኝ» አለ።

«ምን ብላ?»

«ሳንሶኔ አለችኝ። አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። በሰው ፊት፣ በጣቷ እየጠቆመችኝ፣ ሳንሶኔ! ሳንሶኔ! እያለች ጮኸች።»

ያኔ ጣሊያን ለራሱ ሠራተኞች መኖሪያ ብሎ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ቦታ ላይ አንዱ ካንዱ የማይለይ ቤት ይደረድር ነበር። የሰፈሩ ስምም ከእነዚያ ቤቶች የቀረ ነው። እኛ የምንኖረው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። ባለቤቴ በየማለዳው ዳገቱን እየወጣ ድንጋይና ሲሚንቶ ይሸከምላቸዋል። ወዶ አይደለም፤ ሌላ ሥራ ስላልነበረ ነው። ሲፈጥረው ትልቅ ሰው ነበር። የቤታችንን በር የሚያልፈው እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ብሎ ነው። ያን ቀን ሲሚንቶ የጫነ ካሚዮን ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቢገፋው አልነቃነቅ ሲል፣ እሱ ከኋላ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቶ ከፍ አደረገው። ይህን የሥራው ኃላፊ ሚስት በረንዳ ላይ ሆና አየች። የጮኸችውም ያኔ ነው።

እኔ ስድቡን አላውቀውም፤ ስድብ ከሆነ ግን ሳልሰማ ማለፍ አልሆነልኝም። በማግስቱ ምሳውን ይዤ ስወጣ የጣሊያኖቹን አስተርጓሚ፣ ቱርጁማኑን ጠየቅሁት። ቱርጁማኑ ከሰሜን የመጣ፣ ጣሊያንኛውን አሥመራ የተማረ፣ ክራቫቱን ለመኝታ እንኳ የሚፈታ የማይመስል ሰው ነበር። ሳቀብኝ።

«ምን ስድብ አለው፣ እቴ! ሳንሶኔ ማለት ሶምሶን ማለት ነው። ያ አንበሳውን በባዶ እጁ የቀደደው፣ የአህያ መንጋጋ ይዞ ፍልስጥኤማውያንን የፈጀው። ኃያል ነህ ማለቷ ነው።»

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ትከሻውን ቀና አደረገና፣ «እሷ በምን አወቀች?» አለኝ።

ጥቂት ቀን ቆይታ ሴትዮዋ አስጠራችው። እኔን ማንም አልጠራኝም፤ ግን ተከትዬው ሄድኩ። ሁሉም ሲኞራ የሚላት እሷ አጠር ወፈር ያለች፣ ጉንጯ የቀላ፣ ሳትናገር መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች። ልጅ የላትም፣ ጎረቤት ገና አልመጣላትም፣ ባሏ ከጠዋት እስከ ማታ ግንብ ላይ ነው የሚውለው። ያገኘችውን ሰው ሁሉ ይዛ ታወራለች። አጠገቧ የቆመው ቱርጁማን ላቡን እየጠረገ ያስተረጉማል።

«ሲኞራ የሚሉት እንዲህ ነው። በአገራቸው፣ በትውልድ መንደራቸው፣ የታቦት በዓል ሲመጣ ሰው አደባባይ ወጥቶ የመጽሐፍ ታሪክ በቴያትር ያሳያል። እዚህም የቤቶቹ ጣሪያ ሲያልቅ ለሠራተኛው ግብዣ ይደረጋል፣ ሹማምንቱም ይመጣሉ። በዚያ ቀን የሶምሶንን ታሪክ ማሳየት ይፈልጋሉ። ሶምሶን አንተ ነህ።»

«እኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነኝ» አለ ባለቤቴ።

ተተረጎመላት። ሲኞራ እጇን አጨበጨበች፤ ሶምሶንም ቢሆን የከተማ በር ነቅሎ ተሸክሟል አለች።

ይህን ሲሰማ ባለቤቴ ልቡ ተነካ መሰለኝ፣ እጅ ሊነሳ ከራሱ ላይ የማይለየውን የሲሚንቶ ጆንያ ገፈፈ። ያኔ ሲኞራ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ባለቤቴ ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ ራሰ በራ ነው። ከጆሮው በላይ የቀረችውን ትንሽ ጠርዝ ደግሞ እኔ ራሴ በየሁለት ሳምንቱ በምላጭ አነሳለታለሁ። የሶምሶን ኃይል ደግሞ ምን ላይ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ቱርጁማኑ ሴትዮዋ ያለችውን ሁሉ አልተረጎመልንም። «አዝነዋል» ብቻ አለን።

ግን ያቺ ሴት አንዴ ያሰበችውን የምትተው አልነበረችም። ፀጉር ይሠራለት አለች።

የየካቲቱ እልቂት ካለፈ ገና ብዙ አልሆነውም ነበር። ታናሽ ወንድሙ ያኔ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል፤ ሬሳውን እንኳ አላገኘንም። በጣሊያን ግብዣ ላይ መጫወት ማለት ለሱ ቀላል ነገር አልነበረም። እምቢ ማለትም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን።

የነፍስ አባታችን የቂርቆስ ቄስ፣ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ቁጣቸውና ሳቃቸው የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በመጨረሻ ምሰሶውን ይጥለዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ምን አሉ፣ አባታችን?»

«ሶምሶኑን ነው የምልሽ፣ ልጄ። ሴትዮዋ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ነው የምታሳየው ወይስ መሐል ላይ ትቆርጠዋለች? ምሰሶውን ይዞ የጣዖቱን ቤት በፍልስጥኤማውያን ላይ ይጥለዋል ወይ?»

«እስከ መጨረሻው ነው ብላለች» አለ ባለቤቴ።

ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሶምሶን ጻድቅ ነው፤ እሱን መምሰል ኃጢአት የለበትም» አሉ። ወዲያው ደግሞ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ደሊላን የምትሆነው ሴት ግን የራሷ ጉዳይ ነው። እኔ አላናዝዛትም።»

በዚህ ተስማምተን ወጣን።

ፍልስጥኤማውያንን ማግኘት ችግር ይሆናል ብለን ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነትም ጠፉ፤ ክርስቲያን ሆኖ ያልተገረዘ ሰው መስሎ መታየት የፈለገ የለም። ኋላ ግን ሲኞራ ፍልስጥኤማውያን መድረክ ላይ እንደሚጋበዙ፣ ግብዣውም የእውነት ፓስታ እንደሆነ አስነገረች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ኖራ ለዋሹ፣ ሁሉም ፍልስጥኤማዊ ሆነ። እስራኤል የሚሆን ሰው ጠፋ። ያም ሆኖ ቀኑ ጾም ላይ ስለሚውል ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ፍልስጥኤማዊ፣ «የሚበላው እኔ ሳልሆን የጣዖቱ የዳጎን አምላኪ ነው፤ እሱ ደግሞ አይጾምም» ብሎ ሲከራከር ቄሱ ሰሙ። በማግስቱ ፓስታው ያለ ሥጋ፣ በቲማቲም ብቻ እንዲሠራ በቱርጁማኑ በኩል መልእክት ደረሰ። ሲኞራ ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ ቱርጁማኑ፣ «እዚህ አገር ያሉት ፍልስጥኤማውያን ጾመኞች ናቸው» አላት።

አሁን ስለ ደሊላ ልናገር።

ሲኞራ መጀመሪያ ያገኘቻት ደሊላ እኔ አልነበርኩም። ከታች መንደር ጠላ የምትሸጥ፣ ባሏን የፈታች፣ ጥርሷ እንደ ወተት የነጣ አንዲት ልጅ ነበረች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ግን ልምምድ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን አንዷ ጎረቤቴ መጥታ፣ «ባልሽ ጭኗ ላይ ተኝቷል» አለችኝ።

«የት?»

«ሲኞራ ግቢ። ሴትዮዋ ራሷ ናት ያስተኛችው። እንቅልፍ እንደወሰደው መስሎ ይተኛል፤ እሷ ራሱን ትዳብሰዋለች።»

የያዝኩትን ወንፊት ወርውሬ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ እውነትም ያ ትልቅ ሰውዬ ሣር ላይ ተዘርግቷል፤ ራሱ የዚያች ልጅ ጭን ላይ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያኮርፍ መስሏል። ሲኞራ ከላይ ሆና «ቤኔ! ቤኔ!» እያለች ታደንቃቸዋለች።

«ተነስ!» አልኩት።

ተነሳ። ሶምሶን አንበሳውን ሲገድል የታየው ፍጥነት ያን ቀን ባለቤቴ ሲነሳ ታየ።

«ቴያትር ነው እኮ» አለ።

«የማንም ቴያትር ይሁን። ይህን ራስ ስላጭ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም የሚላጭ ከሆነ የምላጨው እኔ ነኝ።»

ሲኞራ «ምን አለች?» አለች። ቱርጁማኑ ክራቫቱን አስተካከለና ረጅም ነገር ነገራት። በኋላ ምን እንዳላት ስጠይቀው፣ «ይህች ሴት የደሊላን ሥራ ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ተለማምዳዋለች አልኳቸው» አለኝ። ሲኞራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እኔ ቁመቴ የባለቤቴ ደረት ላይ የሚቀር፣ ቀጭን ሴት ነበርኩ። ጎን ለጎን አቆመችንና ሳቋን ለቀቀችው። እንዲህ ሆኜ ደሊላ ሆንኩ። ጠላ ሻጯ ልጅም አልተቀየመችም፤ ፍልስጥኤማዊት ሆና ፓስታው ዘንድ ተቀመጠች።

ያን ሳምንት ቄሱ መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ አለፉ።

ፀጉሩን የሠራልን ጎረቤታችን የነበረው ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነው። የሰው ፀጉር የሚሰጠን አልነበረም፤ ማን የራሱን ፀጉር ለሰው አሳልፎ ይሰጣል፣ ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ሳያውቅ? ስለዚህ ካረጀ የመንዝ ባና ጥቁር የበግ ፀጉር ፈትተን፣ ሰባት ጉንጉን ጎነጎንኩና ልብስ ሰፊው ቆብ ላይ ሰፋው። ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ለድንኳን በሚሆን ክር፣ ደርቦ ደርቦ ነው የሰፋው።

«ማነው ግን ይህ ሰውዬ?» አለኝ እየሰፋ።

ታሪኩን ነገርኩት። ሚስጥሩን ለሴት መንገሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስቴ ዋሽቷት፣ ሦስቴ ጠላቶቹን ጠርታበት፣ በአራተኛው እውነቱን ነገራት?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ዓይኑ የጠፋው ቀድሞ ነው» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

ባናው ዝናብ ሲነካው በግ በግ ይሸታል፤ ፀሐይ ሲነካው ያሳክካል። ባለቤቴ ፀጉሩን ባጠለቀ ቁጥር እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር። ግን መስታወት ፊት ቆሞም አይቼዋለሁ። አንዱን ጉንጉን ወደ ትከሻው እየጣለ፣ ወዲያ ወዲህ እየዞረ ያይ ነበር። ፀጉር ምን እንደሚመስል ረስቶት ነበር፣ ምስኪን።

ልምምዱ ቀላል ሥራ አልነበረም። እኛ በአማርኛ እንናገራለን፤ ቱርጁማኑ ለሹማምንቱ በጣሊያንኛ ያስረዳል ተባለ። የኔ ድርሻ ባለቤቴን ሚስጥሩን እስኪናገር ድረስ መነዝነዝ ነው። ሲኞራ እንዴት እንደምነዘንዝ ልታሳየኝ ብትነሳ ባለቤቴ ለቱርጁማኑ፣ «ይህን እንኳ አትድከም በላት፤ ይህን ታውቅበታለች» አለው።

ቄሱ በበኩላቸው ካቶሊክ ግቢ ገብተው መታየት አይፈልጉም፤ ታሪኩ ተበላሽቶ እንዲቀርብም አይፈልጉም። ስለዚህ በየቀኑ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንድ ነገር ስንሳሳት ያስላሉ። የአህያው መንጋጋ ከጭራ ለጭራ ከታሰሩት ቀበሮዎች በፊት ከመጣ ሳል ነው። ደሊላ ገመዱን ያለቦታው ካመጣች ሳል ነው። ሲኞራ አጥር ላይ ወጥታ አየቻቸውና፣ ቱርጁማኑን ጠርታ ተከራከረቻቸው። እሳቸው በግዕዝ፣ እሷ በላቲን፣ ቱርጁማኑ መሐል ቆሞ ማንን እንደሚተረጉም ጠፍቶት። ደግሞ የሚገርመው፣ በመጨረሻ የሁለቱም ታሪክ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ቄሱ፣ «መጽሐፉን ማወቁንስ ታውቃለች» ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ። በማግስቱ ግን ትንሽ በርጩማ ይዘው መጡ።

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት የጣሊያን ፖሊስ አዛዥ የሆነው ካፒታኖ ከነጓደኞቹ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ጥቂት ሴቶች፣ የሲኞራ ባል። ፀሐይዋ ስለከበደች በነሱ ላይ ትልቅ የካሚዮን ሸራ እንደ ዳስ ተወጥሮላቸዋል። ከኋላና ከጎን ሠራተኛውና ከቂርቆስ የወጣው የኛ ሰው ቆሟል። የዳጎን ቤት የተባለው፣ ባዶ በርሜል በበርሜል ላይ ተደርድሮ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሁለት ምሰሶ ነው። በላዩም ሌላ ሸራ በገመድ ተይዟል። ባለቤቴ ምሰሶዎቹን ሲገፋ ያ ሸራ በፍልስጥኤማውያኑ ላይ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ነበር የታሰበው።

መጀመሪያው ያለ ችግር ሄደ። አንበሳው፣ ማለቴ አንበሳ የሆነው ኖራ ለዋሽ፣ በደንብ ሞተ። ከዚያ እኔ ወጣሁ። ባለቤቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኃይልህ ከምን ነው? ንገረኝ» አልኩት።

ቃሉ ጠፋው። «በሰባት እርጥብ ጅማት ቢያስሩኝ እደክማለሁ» ማለት ነበረበት። ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ከገብስ ቂንጬ» አለ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሣር ላይ የወደቀ ሰው ነበር። ቱርጁማኑ ምን ብሎ እንዳስተረጎመው አላውቅም፣ ካፒታኖውም ሳቀ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ ተናድጄም የታዘዝኩትን ንዝነዛ ትቼ የራሴን አመጣሁ። «አንተ ሰውዬ መቼ ነው እውነቱን የምትነግረኝ? ጣሪያው ያፈሳል ስልህ ነገ፣ በሩ ተሰበረ ስልህ ነገ!» ስል የቂርቆስ ሴቶች ሁሉ «እውነቷን ነው!» አሉ። ባለቤቴ በዚያ ንዝነዛ ብዛት ነፍሱ ተጨንቆ ሚስጥሩን ነገረኝ። መጽሐፉም የሚለው እንዲሁ ነው።

ጭኔ ላይ ተኛ። መቀሱን አነሳሁ። የመጀመሪያውን ጉንጉን ያዝኩና ልቆርጥ ሞከርኩ። አልቆረጠም። ልብስ ሰፊው ያን ድርብ ክር ጉንጉኑ ውስጥ ሁሉ አሳልፎት ነበር። ታገልኩ። መቀሱ ጠመመ። ባለቤቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ቀስ በይ፣ ጆሮዬን!» ይለኛል። ከሕዝቡ መሐል ልብስ ሰፊው በኩራት፣ «የኔ ስፌት ነው!» ሲል ሰማሁት። ምን ላድርግ? በሁለት እጄ ይዤ ከነቆቡ ሞሽለቅ አደረግኩት።

ፀሐይዋ ያን ራስ መታችው። ከዚያ በላይ የተላጨ ሰው በምድር ላይ ታይቶ አያውቅም። ሕዝቡ «ውይ!» አለ፤ አንዲት ፈረንጅ ሴት ጮኸች፤ ሲኞራ ከደስታዋ ብዛት ባሏን በቡጢ መታችው። ራሰ በራነቱ ያን ያህል ይጠቅማል ብላ አላሰበችም ነበር።

ፍልስጥኤማውያን ያዙት፤ ዓይኑን አጠፉት፤ ወፍጮ አስፈጩት። ፀጉሩ ዳግም እስኪያድግለት ከመጋረጃው ኋላ ሄደና ቆቡን አጠለቀ፤ ሲቸኩል ግን የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ አጠለቀው። ጉንጉኖቹ ፊቱን ሸፍነውት ወጣ። ምንም አያይም ነበር። ዕውር ስለሆነ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ ያደረገው መሰለው። ፍልስጥኤማውያኑ ፓስታቸውን እየበሉ ይሳለቁበታል። አፋቸው ስለሞላ ምን እንደሚሉ አይሰማም።

እጁን ዘርግቶ ምሰሶዎቹን ፈለገ። አገኛቸው። ከዚያ ቃሉን መናገር ጀመረ።

በልምምድ ጊዜ ይህን ሲለው ሁሌ ይቸኩል ነበር። ያን ቀን ግን አልቸኮለም። «ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ አስበኝ። አንዴ ብቻ ጉልበቴን መልስልኝ» አለ። ድምፁን አላወቅሁትም። የወንድሙን ስም አልጠራም፤ ግን እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ስለ ማን ብሎ እንደሚናገር አውቃለሁ። ከአጥሩ ኋላ ሳል እንኳ አልተሰማም።

ከዚያ ገፋ። እንደታዘዘው ቀስ ብሎ አይደለም፤ ካሚዮኑን ባነሳበት ጉልበት ነው የገፋው። በርሜሎቹ እየተንኳኩ ተናዱ፤ ሸራውም ወረደ። የወረደው ግን ያ ሸራ ብቻውን አልነበረም። አናጢው ገመድ አጥሮት የዳጎንን ቤት ሸራና የእንግዶቹን ዳስ በአንድ ገመድ አስሮት ኖሯል። የመድረኩ ሸራ ፍልስጥኤማውያኑ ላይ ሲወድቅ፣ ትልቁ የካሚዮን ሸራ ደግሞ ካፒታኖውና ጓደኞቹ ላይ፣ ነጭ ለባሾቹ ላይ፣ የሲኞራ ባል ላይ ዱብ አለ።

ከሸራው ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ይታያል።

ያኔ አንዲት ሴት እልል አለች። ማን ናት ብዬ ዞርኩ። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። እኔ ነበርኩ።

ሰዉ ሁሉ ተቀበለኝ። የቂርቆስ ሴት እልል፣ ወንዱ ጭብጨባ፣ ፍልስጥኤማውያኑ ራሳቸው ከሸራው ሥር አፋቸው በቲማቲም ቀልቶ እየወጡ እልል። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችንም «አላሁ አክበር!» አለ።

ካፒታኖው ከሸራው ወጣ። ባርኔጣው የለም። ፊቱ ከቲማቲሙ ይቀላል። ጭብጨባው ቁርጥ አለ፤ ፖሊሶቹ ካራቢኔሪዎች ባለቤቴን በሁለት በኩል ያዙት። እሱ ገና ጉንጉኑ ፊቱን እንደሸፈነው ነው፣ ማን እንደያዘው እንኳ አያይም፤ «አለቀ? ደህና ነበር?» ይላል።

ካፒታኖው ጮኸ። ቱርጁማኑ ክራቫቱን ፈታ፤ ሲፈታው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ማን አዘዘህ ነው የሚሉት» አለው።

«መጽሐፉ» አለ ባለቤቴ።

«ለምን እልል ተባለ ነው የሚሉት።»

ቱርጁማኑ ከራሱ ጨምሮ፣ እኛ አገር ጻድቅ ሲሞት እልል ይባላል ብሎ ነገረው። ካፒታኖው ግን ሞኝ አልነበረም። በጣቱ እኔን ጠቆመ። «ይህች ደሊላ ናት፤ የፍልስጥኤማውያን ወገን ናት። ፍልስጥኤማውያን ሲያልቁ ምን ያስደስታታል?»

ሞቴን አየሁት። ግን አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ባሌ ነው» አልኩ። «እንዲህ የጎበዘበትን ቀን አይቼ አላውቅም።»

ይህ ተተርጉሞ ሳያልቅ ሲኞራ ደረሰች። ከሸራው ሥር ስትወጣ ፀጉሯ ተበታትኖ ነበር። ካፒታኖው ፊት ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የተናገረችውን ያህል በሕይወቴ ሴት ስትናገር አልሰማሁም። ቱርጁማኑ በጆሯችን እያንሾካሾከ ያስረዳናል። ይህ ቅዱስ ታሪክ ነው አለችው። ሶምሶንን ልታስር ነው ወይ አለችው። ዳሱ ወደቀብን ብለህ የምትቆጣው፣ እኛን ከፍልስጥኤማውያን ቆጥረኸን ነው ወይ አለችው።

ካፒታኖው አፉን ከፈተና ዘጋው። አዎ ቢል ራሱን ፍልስጥኤማዊ ሊያደርግ ነው። አይደለም ቢል የሚያስርበት ምክንያት የለውም። ቆሞ ሲያስብ ቆየና፣ ለማንኛውም ብሎ ባለቤቴን ወደ ጣቢያ ወሰደው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሲኞራ ራሷ ጣቢያ ሄዳ ጮኻ አስፈታችው። ሲመጣ ደህና ነበር፤ ዘበኞቹ ታሪኩን ከመጀመሪያው እያስነገሩት አምሽተዋል። ቴያትሩ ዳግም እንዳይታይ ተከለከለ። ፀጉሩን ግን አልመለሱለትም፤ ማስረጃ ነው ብለው ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ለይለፍ ወረቀት ጣቢያ የሄደ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ወደዚያ ፀጉር ቀና ብሎ እጅ ይነሳ ጀመር። ኋላ ነገሩ ገብቷቸው አወረዱት።

ቄሱ መጡ። ደሊላን አላናዝዝም ያሉት እኚያው ሰውዬ፣ መስቀላቸውን ራሳቸው አንስተው አሳለሙኝ። «እልልታሽ አጥሩ ድረስ ተሰማኝ» አሉ። እኔ ግን ደሊላ የሚለው ስም እላዬ ላይ ቀረ። ገበያ ስወጣ «ደሊላ መጣች፣ ሚስጥርሽን ደብቂ» ይሉኛል፤ መቀስ ብዋስ የሚያውሰኝ ጠፋ።

እንግሊዞች ገብተው ጣሊያን ሲወድቅ፣ የጣሊያን ሴቶች በባቡር እንዲወጡ ታዘዘ። ሲኞራ ሰው ላከችብን። ለገሃር ስንደርስ ከሣጥኖቿ ጋር ቆማ ነበር፤ ባሏ ምርኮኛ ሆኖ ተወስዷል። ከስታለች። ባለቤቴ ትልቁን ሣጥን አንስቶ ባቡሩ ውስጥ አስገባላት። አንዳንድ ሰው፣ «ለጠላት ትሸከማለህ?» አለው። «ከታሰርኩበት ያስፈታችኝ ናት» አለ።

እስከዚያ ጊዜ ሲኞራ ትንሽ አማርኛ ተምራ ነበር። የተማረችው ከቤት ሠራተኛዋ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። ባቡሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮት ብቅ አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ግን አላውቅም፣ ያን ሁሉ መከራ ያመጣብን አገር ሴት ናት። በጣቷ ባለቤቴን ጠቆመች።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች። «ሌላ ጊዜ፣ አንቺ ጎልያድ!»

ባቡሩ ሄደ። ባለቤቴ ባለበት ቀረ። ከለገሃር ተነስተን ወደ ቂርቆስ ስንሄድ ግማሽ መንገድ ሄደና ድንገት ቆመ።

«ጎልያድ ማን ነው?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ እኮ።»

«ፍልስጥኤማዊ ነው! ያውም በጠጠር የወደቀ! እኔን?»

«ሴትዮዋ እኮ ሄዳለች፤ ምን አስጨነቀህ?»

«ዳዊትንስ ማንን ልታደርግ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ቱርጁማኑን ይሆናላ።»

ይህ የባሰ አንገበገበው። «ያ? ወንጭፍ እንኳ መያዝ አይችልም!» አለና፣ ወንጭፍ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሳየኝ ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ ነጥቆ አጠፈው፤ መንገዱ መሐል ቆሞም በራሱ ላይ ያሽከረክረው ጀመር። አላፊ አግዳሚው ድንጋይ የያዘ መስሎት ወደ አጥር ተጠጋ። እኔም አብሬ ተጠጋሁ።